ሳይመታ የሚበትን ግጭት

እኔ የመተማ ልጅ ነኝ፤ የሚያዝያን ሙቀት አውቀዋለሁ። ያ ሙቀት ግን ሞለኪውል አይሰብርም። በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የአንድ ሞለኪውል አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.04 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን፣ የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ለመለያየት 4.5 ያስፈልጋል።

ታዲያ ብዙ ኤሌክትሮን ያጣ አዮን፣ ለምሳሌ 7 ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ኦክስጅን፣ ሞለኪውሉን ሳይመታው በአጠገቡ በማለፍ ብቻ ይበትነዋል። «ግጭት» የሚለው ቃል ያሳስታል ባይ ነኝ። «ዝግተኛ» የሚለውም ቢሆን በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ይጨምራል እኮ! መለኪያው በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ፍጥነት ነው፤ እሱም በሰከንድ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዮኑ ከዚህ ስለሚዘገይ ኤሌክትሮኖቹ ወደ እሱ ለመሻገር ጊዜ ያገኛሉ።

ሁለቱም ከተነጠቁ፣ በ0.74 አንግስትሮም ርቀት የሚፋጠጡ ሁለት ፕሮቶኖች ብቻ ይቀራሉ። በኩሎምብ ሕግ ስናሰላው 19.4 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 9.7 ይደርሰዋል። ጉልበቱ ከአዮኑ ምት ሳይሆን ከራሳቸው መገፋፋት ነው የመጣው። በአገራችን ሰሊጥ ማቀፊያው ደርቆ ሳይከፈት የሚታጨደው፣ ያለ ማንም ምት ፍሬው ስለሚረግፍ ነው፤ ምሳሌው ፍጹም ባይሆንም ነገሩን ያስታውሰኛል።

ይህ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮሳት የተባለው ሳተላይት ከሃያኩታኬ ጅራታም ኮከብ ኤክስሬይ ሲያይ ብዙዎች ተገርመው ነበር፤ ቀዝቃዛ ነገር እንዴት ኤክስሬይ ያወጣል? ከፀሐይ የሚነፍሱት አዮኖች ከኮከቡ ጋዝ ኤሌክትሮን ይነጥቃሉ። የተነጠቀው ኤሌክትሮን ከፍ ባለ እርከን ላይ ያርፍና ወደ ታች ሲወርድ ኤክስሬዩን ይለቃል።