ማጂክ ጆንሰን፦ ከምርመራው በኋላ የቀጠለ ሕይወት

በዚህ ትምህርታችን የምናነሳው በቅርጫት ኳስ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን ማጂክ ጆንሰንን ነው። «መሐል ሜዳ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ለሚማር ልጅ የአሜሪካ ኳስ ተጫዋች ምኑ ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ።

ከላንሲንግ እስከ ሎስ አንጀለስ

እውነተኛ ስሙ ኧርቪን ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1959 በሚቺጋን ግዛት፣ ላንሲንግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቱ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ሱቅ ሲላክ እንኳ ኳሱን እያነጠረ ነበር የሚሄደው። በ15 ዓመቱ በአንድ የትምህርት ቤት ውድድር ብቻውን 36 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታውን ያየ ጋዜጠኛም «ማጂክ» ሲል ሰየመው፤ ምትሃት ማለት ነው።

በ1979 ዩኒቨርሲቲውን ለሻምፒዮንነት ካበቃ በኋላ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን ተቀላቀለ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ነው። በጊዜው እንዲህ ያለ ረጅም ሰው ቦታው ቀለበቱ ሥር ነበር። እሱ ግን ኳስ አከፋፋይ ሆነ። በ1980 የፍጻሜ ውድድር የቡድኑ የመሐል ተጫዋች ሲጎዳ፣ የ20 ዓመቱ ማጂክ በእሱ ቦታ ገብቶ 42 ነጥብ አስቆጠረና ዋንጫውን አስገኘ። በጠቅላላው 5 የኤንቢኤ ዋንጫዎችን አንስቷል፤ 3 ጊዜም የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል።

ያልተጠበቀው ውጤት

በ1991 መጸው ለሕይወት መድን ሲባል የደም ምርመራ አደረገ። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ተገኘ። ዕድሜው 32 ነበር፤ አልከሳም፣ አላሳለም፣ ይሮጣል፣ ይዘላል። ታዲያ እንዴት ሆኖ? ቫይረሱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ቀስ በቀስ ነው የሚያዳክመው፤ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ሰውን በመልኩ አይቶ «ጤነኛ ነው» ማለት አይቻልም የሚባለው ለዚህ ነው።

ማጂክ ኖቬምበር 7 ቀን 1991 ጋዜጠኞችን ሰብስቦ እውነቱን ተናገረ፤ ከጨዋታም ራሱን አገለለ። ቫይረሱ የያዘው ከተለያዩ ሴቶች ጋር ያለ ኮንዶም ባደረገው ግንኙነት መሆኑን አልሸሸገም። ገና በቅርቡ ያገባት ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ተመርምራ ነፃ ሆነች፤ ልጃቸውም ነፃ ሆኖ ተወለደ።

ከቫይረሱ ይልቅ ፍርሃት

ደጋፊዎቹ በ1992 ለኮከቦች ጨዋታ መረጡት። 25 ነጥብ አስቆጥሮ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። በዚያው ዓመት በባርሴሎና ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ወደ ክለቡ ሊመለስ ሲዘጋጅ ግን አንዳንድ ተጫዋቾች «ቢቧጭረን ይይዘናል» ብለው ሰጉ። እሱም የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር ተወው። ጉልበቱ እያለ ከሜዳ ያራቀው የሰው ፍርሃት ነበር ማለት ነው። በ1996፣ በ36 ዓመቱ፣ ተመልሶ 32 መደበኛ ጨዋታዎችን አደረገና በክብር ተሰናበተ።

ይህ ፍርሃት በእኛም አካባቢ አለ። ልብ በሉ፤ ኤች አይ ቪ በላብ፣ በምራቅ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ከጓደኛ ጋር አንድ ባና ለብሶ ማደር፣ ከአንድ ትሪ መብላት፣ መረብ ኳስ አብሮ መጫወት አያስይዝም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ቫይረሱ ባለበት ደምና ስለታም ነገር፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው።

ምን አቆየው?

«ሀብታም ስለሆነ ድኗል» የሚል ወሬ አለ። ስህተት ነው። ማጂክ አልዳነም፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ተገቷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠት ሲጀመር የብዙዎች ሕይወት ተለወጠ። በአገራችንም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ማጂክ በጊዜ አወቀ፣ ሕክምናውን ተከታተለ፣ ቤተሰቡም አልሸሸውም። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ በንግድና በማስተማር ሥራ ኖሯል።

እኛስ?

ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ ብዙ ነው። ወላጅ ሩቅ ነው፤ የጓደኛ ግፊትና የገንዘብ ማባበያ ግን ቅርብ ነው። ስለዚህ መታቀብ ይበጃል። ግንኙነት የጀመረ አንድ ለአንድ ይወሰን፤ ኮንዶም በትክክል ይጠቀም። የተጠራጠረ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ውጤቱ ምስጢር ነው። ማጂክ ጤነኛ መስሎት እያለ የደረሰበት ምርመራ ለእሱም ለቤተሰቡም እንደጠቀመ አትርሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማጂክ ምንም የሕመም ምልክት ሳይኖረው ቫይረሱ እንዴት ሊገኝበት ቻለ?
2. በ1992 የሰጉት ተጫዋቾች ስለ መተላለፊያ መንገዶች ምን ማወቅ ነበረባቸው?
3. የክፍላችሁ ልጅ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ቢነግራችሁ፣ በማግሥቱ ከእሱ ጋር እንዴት ትውላላችሁ?