ፖርት ከመክፈትዎ በፊት አድራሻውን ይዩ

መጋዘኑ ጅግጅጋ፣ ሸቀጥ የሚቀበልበት ሱቁ የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ የሆነ ነጋዴ ባለሙያ ሲጠራ የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ጅግጅጋ ያለውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪን፣ ድንበር ላይ ሆኖ መክፈት። ባለሙያው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይሞላል፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራውተሩ አይደለም።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ራውተሩ ላይ ዋን አይፒ የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። ቀጥሎ እዚያው ዋይፋይ ላይ ሆነው አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ይክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ብዙውን ጊዜ መስመሩ የራሱ የሕዝብ አድራሻ የለውም። በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር፣ እንዲሁም ከ100.64 እስከ 100.127 ያለ ቁጥር ካዩም ያው ነው፤ ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ለሚያካፍሉ ቴሌኮሞች የተለየ ነው። ሲም ካርድ በሚገባባቸው ራውተሮች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ከውጭ የመጣው ጥያቄ ቴሌኮሙ ዘንድ ስለሚቀር እርስዎ ጋ አይደርስም፤ ራውተሩ ላይ ምንም ቢጽፉ ለውጥ የለውም።

እንዲህ ከሆነ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ለድርጅቱ ቋሚ አይፒ ያለው መደበኛ መስመር መጠየቅ ነው። ሌላው እንደ ቴይልስኬል ያለ ቪፒኤን ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ መጫን፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ስለሚደውሉ የሚከፈት ፖርት አይኖርም። ውጭ አገር ሰርቨር መከራየትም ይቻላል፣ ግን በየወሩ ዶላር ከየት ይመጣል?

አድራሻው የሕዝብ ከሆነ ሥራው አጭር ነው። ጅግጅጋ ላለው ኮምፒውተር የማይቀየር የውስጥ አይፒ ይስጡት፤ አለበለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አይፒው ሊቀየርና ፖርቱ ሌላ መሣሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከዚያ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ጭነው የእሱን 51820 ዩዲፒ ብቻ ይክፈቱ። 3389ን፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፕን፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች ቀን ከሌት የሚፈልጉት እሱን ነው። የጥበቃ ካሜራ ካለ ዲቪአሩንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ በመጡበት የይለፍ ቃል የቀሩ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ሰብስቦ ነበር ታላላቅ ድረ ገጾችን ያደናቀፈው።

ሲሞክሩ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ሆኖ የሠራም ያልሠራም ሊያታልል ይችላል። የፒችትሪን ፋይል ደግሞ በቪፒኤን ከቶጎ ውጫሌ አይክፈቱት፤ ይንቀራፈፋል፣ መስመሩ ሲቆረጥም ዳታው ሊበላሽ ይችላል። በቪፒኤኑ ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው እዚያው ጅግጅጋ ኮምፒውተር ላይ ይሥሩበት።

ለራውተሩም ለኮምፒውተሩም ዩፒኤስ ያስገዙ። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ ባዮሱ ላይ ያስተካክሉ፤ መጋዘኑ ተቆልፎ ባለቤቱ ድንበር ላይ ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ የሚያስነሳው ሰው የለም።