የሐዲሱን ሰነድ እንጠይቃለን፤ የጥናቱንስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ረመዳን በተቃረበ ቁጥር በስልኮቻችን የሚዘዋወሩ መልእክቶች አሉ። አንዱ፣ ጃፓናዊ ሳይንቲስት የጾምን ጥቅም አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ ይላል። ሌላው፣ ጥቁር አዝሙድ ማንኛውንም በሽታ እንደሚያድን በጥናት ተረጋገጠ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጾም የስኳር በሽታን ስለሚያጠፋ መድኃኒት አያስፈልግም ይላል። እኛም ዲናችን የተመሰከረለት መስሎን ሱብሓነላህ እንልና ለሌላው እናስተላልፋለን።

እነዚህን መልእክቶች ግን በየዶርሙ ኢንሱሊን እየወጉ የሚማሩ እህትና ወንድሞቻችንም ያነቧቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የመረጃ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስም ነው። በዚህ ትምህርት ስለ ጤናና ስለ ምግብ የሚነገር «ጥናት» ሲደርሰን እንዴት እንደምንመዝነው እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

መመዘን ለእኛ አዲስ አይደለም

በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 አላህ (ሱ.ወ) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞልን ሲመጣ እንድናረጋግጥ አዞናል። ምክንያቱንም ነግሮናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ከዚህ መሠረት ተነስተው ዑለማዎቻችን የሐዲስን ዕውቀት ገነቡ። አንድ ሐዲስ ሲደርሳቸው መልእክቱ አማረ ብለው ብቻ አይቀበሉም። ማን ከማን ሰማ? ሰንሰለቱ ተያይዟል ወይስ ተቆርጧል? አስተላላፊው ታማኝ ነው? የሰማውን በትክክል የሚይዝ ነው? ከእርሱ ይበልጥ ጠንካራ የሆነ ሰው ከዘገበው ጋር ይጋጫል? ብለው ይጠይቃሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ራሱ የጾም ጉዳይ ነው። መጾም ጤናን እንደሚያስገኝ የሚናገር አንድ አጭር ዘገባ በብዙ ሰው ዘንድ ታዋቂ ነው። ኢማም ጦበራኒ ከዘገቡት በኋላ ግን ሐፊዝ አል-ዒራቂን የመሳሰሉ የሐዲስ ምሁራን ሰነዱ ደካማ መሆኑን ገልጸዋል። መልእክቱ ለጾም የሚያደላ ስለሆነ ብለው አላለፉትም። ለዲን የሚጠቅም የሚመስልን ወሬ እንኳን እንዲህ ከመዘኑ፣ እኛ ምንጩ ያልታወቀ የቴሌግራም ጽሑፍን ሳንመዝን የምናሳልፍበት ምክንያት የለንም።

አንድ ጥናት ሲጠቀስልን ልንጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

1ኛ. ዋናው ጥናት በእርግጥ ይህን ብሏል?

የኖቤሉን ወሬ እንውሰድ። ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው እውነት ነው። የተሸለሙት «አውቶፋጂ» የሚባለው ሂደት እንዴት እንደሚሠራ በማሳየታቸው ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ራስን መብላት» ማለት ነው። ሴል ያረጁና የተበላሹ ክፍሎቹን ጠቅልሎ ይፈጫል፤ ከዚያም መልሶ ይጠቀምባቸዋል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ናቸው።

ኦሱሚ የሠሩት በዳቦ እርሾ ላይ ነው። የመፍጨት ሥራ የሚሠሩ ኢንዛይሞች የጎደሏቸውን የእርሾ ሴሎች ወስደው ምግብ ከለከሏቸው። ያልተፈጩት ጥቅልሎች በሰዓታት ውስጥ በሴሉ መፍጫ ክፍል ሲከማቹ በማይክሮስኮፕ አዩ። ቀጥሎም በሺዎች የሚቆጠሩ የእርሾ ዝርያዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1993 ለሂደቱ አስፈላጊ የሆኑ 15 ጂኖችን ለዩ። ድንቅ ሥራ ነው። የአላህን ፍጥረት ለሚያስተነትን ሰው አንዲት የእርሾ ሴል እንኳን ብዙ ታስተምራለች።

ነገር ግን በዚያ ሥራ ውስጥ የጾመ ሰው የለም፤ ስለ ረመዳንም የተጠየቀ ጥያቄ የለም። ከእርሾ ሴል መራብ ተነስቶ «የእኛ ጾም ካንሰርን ያጠፋል» ማለት መካከለኛው አስተላላፊ የጠፋበትን ሰንሰለት እንደ ተያያዘ ሰነድ መቁጠር ነው።

2ኛ. ጥናቱ የተሠራው በማን ላይ ነው?

የጤና ጥናት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በብርጭቆ ውስጥ ባለ ሴል፣ ቀጥሎ በአይጥ፣ ከዚያ በጥቂት ሰዎች፣ በመጨረሻም በብዙ ሰዎች ላይ ይሞከራል። በአንዱ ደረጃ ያማረ ውጤት በቀጣዩ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ጥቁር አዝሙድን እንይ። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው «ታይሞኩዊኖን» የተባለ ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ በስፋት ተጠንቷል። የካንሰር ሴሎችን እንደገደለ የሚገልጹ ጽሑፎች አሉ። አብዛኞቹ ግን በሴሎችና በአይጦች ላይ የተሠሩ ናቸው። በብርጭቆ ውስጥ ያለን የካንሰር ሴል ብዙ ነገር ይገድለዋል፤ በረኪናም ይገድለዋል። ጥያቄው ንጥረ ነገሩ በሰው ሆድና ደም አልፎ፣ ጤነኛውን ሴል ሳይጎዳ፣ በበቂ መጠን የታመመው ቦታ መድረሱ ነው። በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም አሉ። በደም ስኳርና በደም ግፊት ላይ መጠነኛ መቀነስ ያሳዩ ቢኖሩም ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ሊረዳ ይችላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን ይተካል ማለት ሌላ ነው።

«ታዲያ ሐዲሱስ?» የሚል ይኖራል። ስለ ጥቁር አዝሙድ ፈዋሽነት የመጣው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሶሒሕ ነው፤ እናምንበታለን። ሆኖም እነ ኢማም አል-ኸጧቢ ቃሉ በአነጋገሩ ጠቅላላ ቢሆንም የታሰበበት የተወሰነ የበሽታ ዓይነት መሆኑን አብራርተዋል። አወሳሰዱና መጠኑ እንደ በሽታው እንደሚለያይ የገለጹ ዑለማዎችም አሉ። ሐዲሱን ተቀብሎ የዑለማዎቹን ማብራሪያ መተው ከእኛ አይጠበቅም። ደግሞም እያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው ያስተማሩንና መታከምን ያዘዙን እኚሁ ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

3ኛ. ከምን ጋር ተነጻጸረ?

አንድ ሰው ማር ጠጥቶ ጉንፋኑ በሳምንት ቢለቀው ማሩ አዳነው እንላለን። ሳይጠጣም ቢሆን በሳምንት ሊለቀው ይችል ነበር። ይህን ለመለየት ያልወሰደ ቡድን ያስፈልጋል። ከሺህ ዓመት በፊት አቡበክር አር-ራዚ «ሲርሳም» የሚባለውን የአንጎል ሽፋን ሕመም ሲያክሙ ደም የማውጣትን ጥቅም ለማወቅ ፈለጉ። ለአንዱ ቡድን ደም አወጡ፤ ሌላውን ቡድን ሆን ብለው ሳያወጡ ቀሩና ሁለቱን አነጻጸሩ። «አል-ሓዊ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህ ተመዝግቧል። ዛሬ ደም ማውጣት የዚያ ሕመም ሕክምና አይደለም። አነጻጽሮ የማወቅ መንገዱ ግን ዛሬም የሕክምና ምርምር መሠረት ነው።

በረመዳን ጾም ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። በረመዳን የምግብ ሰዓት ብቻ አይለወጥም። እንቅልፋችን፣ የምንበላው ዓይነት፣ ተራዊሑ፣ ቁርኣን መቅራቱ፣ ከጀማዓ ጋር ማፍጠሩ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። አንድ ሰው በወሩ መጨረሻ ጭንቀቱ ቢቀንስ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። በሌሎች አገሮች ውሃ እየተጠጣ የሚደረግ «የተቆራረጠ ጾም» ጥናትንም በቀጥታ ወደ እኛ ጾም ማምጣት አይቻልም። የእኛ ጾም ከፈጅር እስከ መግሪብ ውሃም የሌለበት ነው።

4ኛ. ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

«ክብደት ይቀንሳል» ሲባል ስንት ኪሎ ነው ብለን እንጠይቅ። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በረመዳን የሚቀንሰው ክብደት በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይመለሳል። «በብዙ እጥፍ ይጨምራል» ሲባልም ከስንት ወደ ስንት ብለን እንጠይቅ።

እዚህ ላይ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ጥናት አለ። «ኤፒዲያር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ የስኳር ሕሙማን ሙስሊሞችን አካቶ ተሠራ። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች፣ ሆስፒታል የሚያስገባ ከባድ የደም ስኳር መውረድ ከረመዳን በፊት ከ100 ሰዎች በወር 3 ጊዜ ይከሰት ነበር። በረመዳን 14 ጊዜ ሆነ። ዓይነት 2 ባለባቸው ደግሞ ከ0.4 ወደ 3 ከፍ አለ። በእጥፍ ሲሰላ የዓይነት 2 ጭማሪ ይበልጣል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ይበልጥ የተጎዱት ዓይነት 1 ያለባቸው ናቸው። «በስንት እጥፍ» የሚለው ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

5ኛ. ለዚህ ሰው ይሠራል?

ለጤነኛ ሰው ጾም አደጋ የለውም። ከሱሑር በኋላ ሰውነት መጀመሪያ ከበላው ይጠቀማል፤ ቀጥሎ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፤ ያ እያነሰ ሲሄድ ስብ ያቃጥላል። በአገራችን ጾሙ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ስለሚረዝም ጤነኛ አካል ይህን በቀላሉ ይችለዋል።

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። አካሉ ኢንሱሊን አያመርትም፤ የሚወጋው መጠን ከሚበላው ጋር የተመጣጠነ ነው። እንደ ወትሮው ወግቶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ውርደቱን ፈርቶ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ደግሞ ስኳሩ ይወጣል፤ ደሙም በአሲድ ይመረዛል። ስለዚህ ሐኪሞች ከረመዳን 6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲመረመር ይመክራሉ። እየጾመ ሳለ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከወረደ ወይም ከ300 ከበለጠ ወዲያው ያፍጥር ይላሉ። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ጾምን እንደማያፈርስ ሐኪሞችና ዑለማዎች በጋራ ባዘጋጁት መመሪያ ሰፍሯል።

በዶርም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመን፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወይም ለስላሳ እንስጠው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳንሰጥ ወደ ሆስፒታል እናድርሰው።

በዚህ ሁኔታ ያለን ሰው «ኢማንህ ደከመ እንዴ?» ብሎ መገፋፋት ከዲን አይደለም። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 184 እና 185 አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ጊዜ ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ለማይችሉት ፊድያ አለ። የእርሱ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ ኡስታዞችን ይጠይቅ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን እናስታውስ። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተፈንክቶ ሳለ ጀናባ ሆነ። ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ባልደረቦቹን ሲጠይቅ አይፈቀድም አሉት፤ ታጥቦ ሞተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰውየውን የገደሉት እነርሱ መሆናቸውን በቁጣ ተናገሩ። ሳያውቁ ከመናገር መጠየቅ እንደነበረባቸውም አስተማሩ። ያለ ዕውቀት የተሰጠ ፈትዋም ሆነ ያለ ዕውቀት የተላከ የጤና ምክር ሰው ይገድላል።

ኢማናችን በምን ላይ ቆሟል?

ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የምንጾመው የእርሾ ሴል ራሷን ስለምታጸዳ አይደለም። አላህ ስላዘዘን ነው፤ ዓላማውንም ተቅዋ ብሎ ነግሮናል። ጾምን በጥናት ላይ ካቆምነው፣ ነገ ሌላ ጥናት ያንን ሲሽር ጾማችንም አብሮ ይናወጣል። ሳይንስ የሰው ጥረት ነው፤ ይታረማል፣ ይሻሻላል። ጥንካሬው ያለው ራሱን በማረም ላይ ነው። የአላህ ትእዛዝ ግን የላቦራቶሪ ማኅተም አይጠብቅም። በጾም ውስጥ የጤና ጥቅም ሲገኝ አልሐምዱሊላህ እንላለን፤ ባይገኝም እንጾማለን።

በተለይ በጤና፣ በሥነ ልቦና፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በምግብ ሳይንስ የምትማሩ እህትና ወንድሞቻችን ትልቅ አማና ተሸክማችኋል። ጀማዓው ጥናት የማንበብ ዕድል ያላገኘ ከሆነ እናንተ አንብቡለት። አማርኛ አድርጋችሁ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ፣ «ይህ በአይጥ ላይ ነው»፣ «ይህ በ20 ሰዎች ላይ ነው» እያላችሁ አስረዱት። የተሳሳተ መልእክት በግሩፕ ሲላክ የላከውን ሰው ሳታሳፍሩ በውስጥ መስመር አርሙት። ይህም ነሲሓ ነው።

ሌሎቻችንም ቀጣዩ «በጥናት ተረጋገጠ» የሚል መልእክት ሲደርሰን አምስቱን ጥያቄዎች እናንሳ። መልስ ካጣን ሳናስተላልፍ እናቁም። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ለውሸት በቂ እንደሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፣ ባወቅነውም እንድንሠራ ይወፍቀን፣ ሕሙማኖቻችንን በሙሉ ዓፊያ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።