የክረምት ድጥን ከመጋዘን በርና ከመተላለፊያ ማስወገድ

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእርሷም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆና በሻምቡ ዋናው ዝናብ ከግንቦት እስከ መስከረም ይዘንባል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው የሚከፋፈለውም በዚሁ ወቅት መግቢያ ነው። ጆንያ የተሸከመ ሰው በመጋዘን በር ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ቤተሰቡ በአረም ወቅት ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የመተላለፊያ ጥገናን ከእርሻ ሥራ ለይተን አናየውም።

የድጥ መንስኤ

የአካባቢው ቀይ ሸክላማ አፈር ካልተረገጠ ውሃን በደንብ ያሰርጋል። ሰውና ከብት ሲረግጡት ግን ገጹ ይደፈናል፤ ውሃውም መስረጊያ አጥቶ ይተኛል። በብርድ አገሮች መንገድ ላይ የተኛ ውሃ በረዶ ሆኖ እንደሚያንሸራትት ሁሉ በእኛም አገር ድጥ ይሆናል። በሁለቱም ዘንድ መፍትሔው ውሃው ሳይተኛ ማስወጣት ነው።

የጣራ ውሃም መዘንጋት የለበትም። በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 15 በርሜል ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በር ላይ እየፈሰሰ ጠጠር ብቻ መበተን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. በክረምት፣ ዝናብ እየጣለ ሳለ፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ታይቶ በችካል ምልክት ይደረግበት። ቁፋሮው በጥርና በየካቲት ይከናወን።
2. የጣራው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ወደ በርሜል ወይም ወደ ቦይ ይመራ።
3. በመተላለፊያው ግራና ቀኝ 30 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። መውጫው ወደ ሣር መሬት እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ማሳ አይሁን።
4. የላላው ጭቃ ተጠርጎ 15 ሳ.ሜ. ድንጋይ ይነጠፍ፤ በላዩም 5 ሳ.ሜ. ጠጠር ተጨምሮ ይጠቅጠቅ። የወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ ስለሚንከባለል የተፈለጠ ድንጋይ ይመረጣል።
5. 2 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ መሐሉ ከዳሩ 5 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል።
6. የቦዩ ዳር በሣር ይሸፈን። ሰርዶ አፈርን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ክፉ አረም ስለሆነ ማሳ አጠገብ አይተከል።

ማሳሰቢያ

ገለባና የቡና ገለፈት የሚረዱት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ሲበሰብሱ ራሳቸው ያሟልጫሉ። የተደፈነ ቦይም እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር በክረምት ቦዩን በየሳምንቱ የሚጠርግ ተረኛ እንዲመድብ፣ የልማት ሠራተኞችም ይህን እንዲከታተሉ እንመክራለን።