ሰርቨር ከመለወጥ አስቀድሞ ኮሩን መቁጠር

የምእመናን መዝገብና የልማት ሥራ ሂሳብ በኮምፒዩተር በሚያዝበት ቦታ ሁሉ «ሰርቨሩ ዘግይቷል፤ ጠንካራ ይገዛ» የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም። አንዳንዴም በጎ አድራጊ አዲስ ሰርቨር በስጦታ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ ምን ያህል ይጨምራል የሚለው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ቃላትን እንለይ። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩን ስሌት የሚያከናውን ዋና ክፍል ነው። ኮር ደግሞ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ንዑስ ክፍል ነው። ቀድሞ አንድ ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ ነበረው፤ ዛሬ ግን 16፣ 32 ወይም ከዚያ በላይ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህም የክፍያው መለኪያ ተለወጠ። ማይክሮሶፍት «ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር» የተባለውን ዳታቤዝ ቀድሞ በፕሮሰሰር ቁጥር ይሸጥ ነበር፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ ግን በኮር ቁጥር መሸጥ ጀመረ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጽሕፈት ቤት ባለ 4 ኮር ሰርቨር አለው፤ ለ4ቱም ፈቃድ ገዝቷል እንበል። በስጦታ የመጣው አዲሱ ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰር፣ በእያንዳንዱም 16 ኮር ይዟል፤ በድምሩ 32 ነው። ሶፍትዌሩ በቀጥታ በማሽኑ ላይ ከተጫነ ለ32ቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የተጠቃሚው ቁጥር ሳይጨምር ክፍያው ስምንት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ2016 እስከ 2022 ባሉት እትሞች ደግሞ «ስታንዳርድ» የተባለው ዓይነት ከ24 ኮር በላይ አይጠቀምም፤ ስለሆነም የ8ቱ ኮር ክፍያ ያለ ጥቅም ይቀራል። ፈቃዱን ሳይከፍሉ መጠቀም ደግሞ ውልን ማፍረስ ነው፤ የምእመናንን ገንዘብ በአደራ ለያዘ ጉባኤ አይገባም።

መፍትሔው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንደኛ፣ የመዘግየቱ ምክንያት ይመርመር። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከሜሞሪ ማነስ ወይም ከዲስኩ ዝግመት ነው፤ ሜሞሪ መጨመርና ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መተካት የኮሩን ቁጥር ስለማይለውጡ የፈቃዱን ክፍያ አይነኩም። ሁለተኛ፣ አዲስ ሰርቨር የግድ ካስፈለገ ኮሩ ጥቂት፣ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ግን ከፍ ያለ ይመረጥ። ሦስተኛ፣ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ከሆኑ «ስታንዳርድ» የተባለውን ለሰርቨሩ አንድ ፈቃድ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያም አንድ ፈቃድ በመግዛት መጠቀም ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የኮር ቁጥር ክፍያውን አይለውጥም። አራተኛ፣ እንደ ፖስትግሬስ ኪው ኤልና ማሪያ ዲቢ ያሉ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ዳታቤዞች አሉ። እነዚህም ቢሆኑ መረጃውን የሚያዛውርና የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ስለሚሹ ወጪው በበጀት ይያዝ።

እንግዲህ ግዢው ከመጽደቁ ወይም ስጦታው ከመወሰዱ በፊት ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይስፈሩ፦ የአዲሱ ሰርቨር ጠቅላላ የኮር ቁጥር፣ በእጃችን ያለው ፈቃድ ዓይነትና ብዛት፣ እንዲሁም ሻጩ በጽሑፍ የሰጠው የልዩነት ዋጋ። ሦስቱ ሳይሟሉ የሰርቨሩ ዋጋ ታውቋል ማለት አይቻልም።