ከኬጅ የወጡ ዶሮዎችን ገዝቶ ለማትረፍ፤ መኖው ይወስናል

ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች እንቁላል ጣይ ዶሮዎቻቸውን ከ72 እስከ 80 ሳምንት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ አውጥተው ይሸጣሉ፡፡ ምክንያቱ ዶሮዎቹ መጣል ስላቆሙ አይደለም፡፡ የሚጥሉት እንቁላል ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ቅርፊቱም ስለሚሳሳ፣ ለትልቅ እርባታ በአዲስ ቄብ መተካቱ የተሻለ ሂሳብ ስለሚሆን ነው፡፡ በመሆኑም እነዚህ ዶሮዎች ከቄብ ዶሮ ዋጋ ባነሰ ሂሳብ ለገበያ ይቀርባሉ፡፡ አብዛኛዎቹ ለሥጋ ይሄዳሉ፡፡ ጥቂቶቹ ግን ለጥቂት ወራት እንቁላል ሊያገኝባቸው በሚያስብ የከተማ ነዋሪ እጅ ይገባሉ፡፡

ለነቀምቴና ለሌሎቹ የወለጋ ከተሞች አርቢ ይህ ግዢ ሁለት ገጽታ አለው፡፡ በአንድ በኩል በቆሎ፣ ኑግ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የሚበቅለው በደጁ ነው፡፡ በሌላ በኩል ደግሞ በፋብሪካ የተቀነባበረ መኖ በብዛት የሚመረተው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ በመሆኑ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነቀምቴ ሲደርስ የማጓጓዣው ወጪ ዋጋው ላይ ይደመራል፡፡ መንገድ ሲስተጓጎል ደግሞ መኖው ጨርሶ ላይገኝ ይችላል፡፡ በኅዳር 2015 ዓ.ም በይፋ ከተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ወዲህ በየጓሮው ዶሮ ማርባት የጀመረው ሰው ቁጥር ሲጨምር፣ የመኖ ጥያቄም አብሮ ጨምሯል፡፡

ከኬጅ የወጣች ዶሮ በርካሽ ተገዝታ ኪሳራ የምታመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስህተት ነው፡፡ ገዢው እንደ ሀበሻ ዶሮ ቆጥሮ በቆሎ እየበተነ ይለቃታል፡፡ ዶሮዋ ግን ለሁለት ስህተት የሚሆን አቅም የላትም፡፡

ዶሮዋ በምን ሁኔታ ትመጣለች?

በኬጅ ውስጥ የኖረች ዶሮ የምትቆመው በሽቦ ላይ ነው፡፡ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ በተከለከለው ጠባብ ኬጅ ለአንድ ዶሮ ይደርስ የነበረው ቦታ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ ነበር፡፡ በእንዲህ ያለ ቦታ የቆየች ዶሮ እግሯና ክንፏ አይጠነክርም፡፡ ከሽቦው ጋር በመፋተግና እርስ በርስ በመነቃቀል ላባዋ ይረግፋል፡፡

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አጥንቷ ነው፡፡ የአንድ እንቁላል ቅርፊት ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም ይዟል፡፡ ከመኖው የሚገኘው ካልበቃ ዶሮዋ ጉድለቱን የምትሞላው ከራሷ አጥንት ነው፡፡ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ የጣለች ዶሮ አጥንቷ ሳስቶ በቀላሉ ይሰበራል፡፡ ስለዚህ እግሯን ጠፍሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ መውሰድ ገና ቤት ሳትደርስ ያበላሻታል፡፡ በሁለት እጅ ክንፏን ከሰውነቷ ጋር አቅፎ መያዝና አየር በሚያስገባ ሣጥን ወይም ቅርጫት ማጓጓዝ ያስፈልጋል፡፡

ሲገዙ የደረት አጥንቷን በጣት መዳሰስ፣ ዓይኗና ጉትያዋ የጠወለገ አለመሆኑን ማየት ይገባል፡፡ ላባ ማጣት ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ተመልሶ ይበቅላል፡፡ ከሻጩም ሁለት ነገር መጠየቅ ግድ ነው፡፡ አንደኛው ዶሮዎቹ የፈንግል ክትባት መቼ እንደወሰዱ፣ ሁለተኛው ምን ዓይነት መኖ ይበሉ እንደነበር ነው፡፡ ከተቻለም ከዚያው መኖ የሁለት ሳምንት ስንቅ አብሮ መግዛት ያዋጣል፡፡

በቆሎ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፡፡ መኖው ከመቶ 16 እጅ ያህል ፕሮቲንና ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል፡፡ ይህ ማለት በቀን 19 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ማለት ነው፡፡

በቆሎ ከመቶ 9 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው፡፡ ዶሮዋ 120 ግራም በቆሎ ብቻ ብትበላ የምታገኘው 11 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፡፡ ካልሲየሙማ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፡፡ በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፣ ያሰባል፤ እንቁላልም ላባም ግን አይሠራም፡፡ ላባ ራሱ በአብዛኛው ፕሮቲን በመሆኑ፣ ላባዋ የረገፈ ዶሮ ከሌላዋ የበለጠ ፕሮቲን ትፈልጋለች፡፡ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በነቀምቴና በሻምቡ አካባቢ ደግሞ ሙቀቷን ለመጠበቅ መኖ አብዝታ ትበላለች፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ በአገሩ በብዛት የሚዘራው በቆሎ፣ ከባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን ቢ ኤች 660ን ጨምሮ፣ ነጭ ነው፡፡ ነጭ በቆሎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫ ንጥረ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፡፡ በዚህም ምክንያት የእንቁላሉ አስኳል ይነጣል፣ የዶሮዋም ጤና ይጓደላል፡፡ ጎመን፣ አልፋልፋ ወይም ሌላ ለምለም ቅጠል በየቀኑ አንጠልጥሎ መስጠት ይህንን ይክሳል፡፡ ባኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ቢ ኤች ኪው ፒ ዋይ 545 የተሰኘ ቢጫ በቆሎ ደግሞ፣ ከቀለሙ ሌላ የፕሮቲኑ ጥራት የተሻሻለ በመሆኑ፣ ዘሩን ለሚያገኝ አርቢ ለዶሮ ተመራጭ ነው፡፡

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ቀናት

ዶሮዎቹ እንደደረሱ የሚቀድመው ውኃ ነው፡፡ በኬጅ ውስጥ ከቧንቧ ጫፍ በጠብታ ሲጠጡ የኖሩ ዶሮዎች የውኃ ሳህን ላያውቁ ይችላሉ፡፡ የጥቂቶቹን መንቁር በቀስታ ውኃው ውስጥ ነክሮ ማሳየት ይበቃል፤ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ፡፡ መጠጫውም መመገቢያውም ሳትዘል በምትደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት፡፡

መኖውን በተመለከተ የመጀመሪያው ደንብ፣ ለምዳ የመጣችውን አለመለወጥ ነው፡፡ የእርባታ ዶሮ የምታውቀው የተፈጨ ደቃቅ መኖ እንጂ ጥሬ እህል አይደለም፡፡ ሙሉ በቆሎ ቢበተንላት ምግብ መሆኑን እንኳ ላታውቅ ትችላለች፡፡ እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ከኬጅ የወጡ ዶሮዎችን ወስደው በጓሮአቸው የሚያኖሩ ሰዎችም የሚከተሉት ይህንኑ ነው፡፡ በመጀመሪያ ደቃቅ የጣይ መኖ ይሰጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይመጣል፡፡

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ወደ አገር ቤት ቅልቅል መሸጋገር ይቻላል፡፡ በስምንተኛው ቀን ሦስት እጅ የቀድሞው፣ አንድ እጅ አዲሱ ይደረጋል፡፡ በአሥረኛው ቀን እኩል ለእኩል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ እጅ የቀድሞው፣ ሦስት እጅ አዲሱ፡፡ በአሥራ አራተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ አዲሱ ይሆናል፡፡ ጥሬ እህል ከዚህ በኋላ ማታ ማታ በጥቂቱ ቢበተን ጉዳት የለውም፡፡

መኖ ቤት የሚገኘው ሁሉ አንድ አይደለም

የመኖ ጆንያ ሲገዙ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፡፡ ስታርተር ለጫጩት የሚሆን፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ካልሲየሙ ግን ለጣይ ዶሮ የማይበቃ ነው፡፡ ፊኒሸር የሥጋ ዶሮ ማድለቢያ ነው፤ ከኬጅ የወጣችን ዶሮ ያሰባል እንጂ ቅርፊት አይሠራላትም፡፡ ለእነዚህ ዶሮዎች የሚሆነው የእንቁላል ጣይ መኖ ነው፡፡ ላባዋ እጅግ ለረገፈ ዶሮ ለአንድ ወር ያህል ጥቂት ስታርተር ቢደባለቅላት ፕሮቲኑ ይጠቅማታል፤ የካልሲየሙ ጉድለት ግን ለብቻ በሚቀመጥ የቅርፊት ስብርባሪ መሞላት አለበት፡፡

በወለጋ ምርት የሚዘጋጅ ቅልቅል

የፋብሪካ መኖ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ፣ በአካባቢው ምርት 100 ኪሎ ግራም የጣይ መኖ እንደሚከተለው ማዘጋጀት ይቻላል፡፡

የተፈጨ በቆሎ — 52 ኪሎ ግራም
ኑግ ፋጉሎ — 18 ኪሎ ግራም
የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር — 14 ኪሎ ግራም
የስንዴ ፉርሽካ — 6 ኪሎ ግራም
የተፈጨ የኖራ ድንጋይ — 8 ኪሎ ግራም
የአጥንት ዱቄት — 1.5 ኪሎ ግራም
ጨው — ግማሽ ኪሎ ግራም

ይህ ቅልቅል ከመቶ 16 እጅ ያህል ፕሮቲንና ከመቶ 3.5 እጅ ያህል ካልሲየም ይሰጣል፡፡ የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም (ፕሪሚክስ) ከተገኘ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበታል፡፡ በቅልቅሉ ውስጥ ኑግና አኩሪ አተር አብረው የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ አኩሪ አተር ደግሞ ይህ በብዛት አለው፡፡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፡፡ የኑግ ፋጉሎ ገለባው ብዙ በመሆኑ ርካሽ ነው ተብሎ ከአንድ አምስተኛ በላይ መጨመር አይገባም፡፡ የሰሊጥ ፋጉሎ ከተገኘ የኑጉን ከፊል ቦታ ሊይዝ ይችላል፡፡

አኩሪ አተር ጥሬውን ለዶሮ አይሰጥም፡፡ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር በውስጡ ስላለ፣ የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋና ወርቃማ መልክ እስኪይዝ ድረስ መቆላት አለበት፡፡ ቢያር ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል፡፡ የጎመን ዘር ፋጉሎ ከበዛ እንቁላሉን ሊያሸትት፣ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም የአስኳሉን መልክ ሊያበላሽ ይችላል፡፡ የጠላ አተላ ውኃው ስለሚበዛ ዶሮዋን ያጠግባታል እንጂ አይመግባትም፤ ለዋና መኖነት አይሆንም፡፡

ኖራና ኖራ ይለያያል

በካልሲየም ምንጭ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ ለግድግዳ ቅብ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ የሚያቃጥል በመሆኑ ለዶሮ መኖ ፈጽሞ አይሆንም፡፡ የወለጋ አፈር አሲዳማነት ስለሚያጠቃው ለእርሻ የሚከፋፈለው ኖራ ደግሞ ምንም እንኳ የተፈጨ ድንጋይ ቢሆን፣ ማግኒዚየም የበዛበት ሊሆን ስለሚችል ምንነቱ ሳይታወቅ መቀላቀል የለበትም፡፡ ለመኖ ተብሎ የተዘጋጀውን መግዛት ይመረጣል፡፡

ጥቂት ዶሮ ላለው አርቢ ቀላሉ መንገድ የእንቁላል ቅርፊት ነው፡፡ ከሻይ ቤቶችና ከጎረቤት ተሰብስቦ ይታጠባል፣ በምጣድ ላይ በደንብ ይታመሳል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ተሰባብሮ ለብቻው በዕቃ ይቀመጣል፡፡ ዶሮዋ የሚያስፈልጋትን ራሷ ለይታ ትወስዳለች፡፡ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው በሌሊት በመሆኑ ወደ ማታ መቅረቡ ይመረጣል፡፡ ስብርባሪው ጎላ ያለ ሲሆን ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ሌሊቱን ያገለግላታል፤ ዱቄት የሆነው ቶሎ ያልፋል፡፡ የጠዋት ፀሐይ ማግኘቷም ካልሲየሙ ወደ አጥንት እንዲገባ የሚረዳውን ቫይታሚን ዲ ይሰጣታል፡፡

የሻገተ እህል ለዶሮም አይሆንም

ዝናብ በሚበዛበት በወለጋ በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ ሲገባ ይሻግታል፡፡ "ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን" ብሎ የሻገተውን መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፡፡ ከሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ መጣሏንም ይቀንሳል፡፡ ፋጉሎም ከዚህ ነጻ አይደለም፡፡ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በወተት ላሞች መኖ ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ለመኖውና ለወተቱ በአፍላቶክሲን መበከል የኑግ ፋጉሎን ዋና ተጠርጣሪ አድርጎታል፡፡ በመሆኑም ፋጉሎ ሲገዛ የረጠበ፣ የጠጠረና የሚሸት አለመሆኑን ማየት፣ ከወር በላይ የሚቆይ አለመግዛት፣ ጆንያውንም ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ ይገባል፡፡

የትርፍና ኪሳራው ሂሳብ

አሥር ዶሮዎች እያንዳንዳቸው በቀን 120 ግራም ቢበሉ በስድስት ሳምንት 50 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ይጨርሳሉ፡፡ የጉዞው ድካምና የቦታ ለውጥ ብዙዎቹን ለጊዜው ከመጣል ያቆማቸዋል፡፡ ላባ የሚቀይሩትም እስኪጨርሱ ድረስ አይጥሉም፡፡ ስለዚህ ይህ ግማሽ ኩንታል እንቁላል ሳይጠበቅበት ከዶሮዎቹ መግዣ ጋር መደመር ያለበት ወጪ ነው፡፡ ይህን ሳያስቡ የሚገቡበት ሰዎች ናቸው በሦስተኛው ሳምንት መኖውን ቀንሰው በቆሎ ብቻ መስጠት የሚጀምሩት፡፡ ያን ጊዜ ዶሮዋ ወደ መጣል የምትመለስበት መንገድ ይዘጋል፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳብ ቀላል ነው፡፡ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ የስንት እንቁላል ዋጋ እንደሆነ ይታሰባል፡፡ አንድ ኪሎ መኖ በአራት እንቁላል የሚገዛ ከሆነ፣ ዶሮዋ የበላችውን 120 ግራም ለመመለስ ብቻ በመቶ ቀን ውስጥ 48 እንቁላል መጣል አለባት፡፡ በአምስት እንቁላል የሚገዛ ከሆነ ደግሞ 60፡፡ ከዚህ በላይ የሚጣለው ነው ትርፍ ሊባል የሚችለው፡፡ አሥር ዶሮ ያለው ሰው የአንድ ሳምንት እንቁላሉን ቆጥሮ፣ በመጀመሪያው የዋጋ ሂሳብ ከ34 በታች፣ በሁለተኛው ከ42 በታች ካገኘ መኖው እየከሰረ ነው፡፡

ይህንን ቆጠራ በስምንተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ማድረግ ተገቢ ነው፡፡ የሚጥሉትን ከማይጥሉት ለመለየት በጅራቷ ሥር ያሉትን ሁለት አጥንቶች መዳሰስ ይረዳል፡፡ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ጉትያዋም ቀይና ለስላሳ ከሆነ ዶሮዋ እየጣለች ነው፡፡ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ፣ ጉትያዋም የደረቀ ከሆነ አቁማለች፡፡ የማትጥለው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ትቀርባለች፤ በደንብ የተመገበች በመሆኗም ከኬጅ በወጣችበት ቀን ከነበራት ዋጋ የተሻለ ታወጣለች፡፡ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን የዶሮ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ፣ የሚሸጠውን ከጾሙ በፊት መለየት ወይም ለፋሲካ ዋዜማ ማቆየት ይበጃል፡፡

የዶሮዎቹን መግዣ በእጁ የያዘ ሰው እንግዲህ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የስድስት ሳምንት መኖ መግዣም እንዳለው ማረጋገጥ አለበት፡፡ ገንዘቡ ለአሥር ዶሮና ለመኖአቸው ካልበቃ አምስት ገዝቶ በደንብ መመገቡ ይሻለዋል፡፡