ፊደል የቆጠረ ትንፋሽም ይቁጠር



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታመመ ልጅ ነው። በጥያቄ እንጀምር።

እንበል፣ በቡራዩ ዳገት የምትኖር አንዲት እናት ሁለት ልጆች ታመውባታል። የ3 ዓመቱ ልጅ ሰውነቱ ግሏል፤ እየጮኸ ያለቅሳል፤ ውሃ ሲሰጡት ይጠጣል። የ8 ወሯ ሕፃን ትኩሳቷ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ታስላለች፤ ጡት ሲሰጧት አትይዝም፤ ዝም ብላ ተኝታለች። ጎረቤቶች መጡና «በይ ይህን የሚጮኸውን ቶሎ ውሰጂው! ሕፃኗስ ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት» አሏት።

ፍርዳቸው ትክክል ነው? አይደለም። መቅደም ያለባት ዝም ያለችው ናት። የሚጮህ ልጅ ለመጮህ ጉልበት አለው። መጥባት ያቃታት ሕፃን ግን ጉልበቷ እያለቀ ነው።

ይህ ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በሬ ሲታመም ገበሬ ጩኸት አይጠብቅም። ሣር መተዉን፣ አለማመስኳቱን፣ ለብቻው መቆሙን አይቶ «ይህ በሬ ደህና አይደለም» ይላል። ለልጃችንም እንዲሁ እንይ። ግንባር መዳሰስ ብቻ አይበቃም።

1. አራቱ የአደጋ ምልክቶች

ሀ. መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል።
ለ. የበላውንና የጠጣውን ሁሉ ማስመለስ።
ሐ. መንቀጥቀጥና ራስን መሳት።
መ. መፍዘዝ፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ አለመንቃት።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው።

2. ልጁ የሚያስል ከሆነ

ሳል ሁሉ ጉንፋን አይደለም። ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የሚለየው በመቁጠር ነው። ልጁ ጸጥ ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጉ። ሰዓት ወይም የእጅ ስልክ ይዛችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል 1 ትንፋሽ ነው።

ከ2 ወር በታች፦ 60 ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።
ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።
ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ በዚያው ቀን ይታከም። አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ የባሰ ነው፤ አትዘግዩ።

3. ተቅማጥ ከሆነ

ተቅማጥ የሚገድለው ውሃን ከሰውነት በመጨረስ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል? የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ ውሃው እያለቀ ነው። 1 ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ እያጠጣችሁ ውሰዱት። ጡት አታስጥሉት። «ውሃ ያባብስበታል» ማለት ስሕተት ነው።

4. ትኩሳት ከሆነ

አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰሞኑን ከየት መጣ? ቡራዩ ደጋ ነው። ወባ በአገራችን ይበልጥ የሚጠናው ከ2000 ሜትር በታች ባለው ቆላና ወይና ደጋ ነው። ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው፣ ልጅም ሆነ አዋቂ፣ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይናገር። ካልተናገረ ወባው ሊታለፍ ይችላል።

እኔ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ለበሽታው ስም ማውጣትና መድኃኒት ማዘዝ የባለሙያ ሥራ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አትስጡ። የእኛ ድርሻ ማየት፣ መቁጠርና መናገር ነው። በየገጠር ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እነርሱ ዘንድ ስትሄዱ «አሞታል» ብቻ አትበሉ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠባችም፤ ትንፋሿ 62 ነው» በሉ። በወረቀት ጽፋችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።

መልመጃ

1. የ2 ዓመት ልጅ ያስላል። ቆጥራችሁ 44 አገኛችሁ። ፈጣን ነው?
2. ያች እናት ሕፃኗን አዝላ ስትሄድ የ3 ዓመቱን ልጅ ማን ይዞ ይከተላት? በሠፈራችሁ ተወያዩበት። እርሱም ትኩሳት አለውና በዚያው ቀን መታየት አለበት።
3. ዛሬ ማታ የተኛ ጤነኛ ልጃችሁን ትንፋሽ ቁጠሩና ጻፉ። የጤናውን ያወቀ የሕመሙን ቶሎ ይለያል።